አንድ ብልቃጥ ለአምስት ዓይን

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

የፋርማሲስቱ ልጅ የሠርግ ኬክ ዛሬ ከቤታችን ወጣ። ሦስት ደርብ ነው፤ ነጭ ክሬም፣ ዳር ዳሩን ትናንሽ ሮዝ አበባ። ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሚስቴ ሱኒልዳ ግን ከፊቱ ቆማ ራሷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ቆየችና «መሃሉ ላይ ጎብጧል» አለች።

«አልጎበጠም» አልኳት።

«አንተ ስለ ኬክ ምን ታውቃለህ? ሂድ ጋዜጣህን ጻፍ።»

ሄጄ ጻፍኩ። ስመለስ የላይኛውን ደርብ አንስታ፣ ከሥሩ ክሬም ጠቅጥቃ፣ ለእሷ ቀጥ እስኪልላት ድረስ ወደ አንድ ጎን ገፍታዋለች። የሙሽሪት አክስት ልትወስደው መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «ዶኛ ሱኒልዳ፣ ኬኩ ከእንግዶቹ ቀድሞ ጠጣ እንዴ?» ሳቅን። ሱኒልዳም ሳቀች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ውሃው ብዙ ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

ጁን ላይም የጀመራት እንዲህ ነው። የበሩ መቃን ታጠፈባት፤ የመብራት ምሰሶው ወገቡ ላይ ተሰበረባት። የስኳር በሽታዋ በዓይኗ ጀርባ ያለችውን ስስ መጋረጃ፣ ሬቲናዋን፣ አሳብጧታል አለች ዶክተር ቤያርድ፤ እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት በመርፌ በሚሻለው ዓይኗ ውስጥ አስገባችላት። በሳምንቱ ምሰሶዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። መድኃኒቱ ግን ከሦስት ወር በላይ አይቆይም። ጊዜው ደርሷል።

ዶክተሯ ከዋና ከተማ ስትመጣ የምትቀበለን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። መድኃኒቱን የሚለግሱት በጎ አድራጊዎች በአንድ ጉዞ የሚሰጧት አንድ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ከተከፈተ እዚያው ጠዋት ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ አምስት ሰው ካልተሟላ አይከፈትም። አምስቱ የታወቁ ናቸው፤ ሱኒልዳ፣ ሎተሪ ሻጯ ኤርሲሊያ፣ ፓስተር ናኡም፣ የፓስተሩ እህት፣ እና ልጄን ክርስትና ያነሳው አበልጄ ሲሪሎ። ቀጠሯችን የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

ሱቁ ደጃፍ ዶሚኖ። የጨዋታ አጋሬ ሲሪሎ ነው፤ ሁልጊዜም እሱ ነው። ተሸነፍን። አምስትን ከስድስት ጎን ሲያስቀምጥ ተጋጣሚዎቻችን ተንጫጩበት።

«ዶን ሲሪሎ፣ ዓይንህ ነው ጭንቅላትህ?»

«ቅንድቤ ነው» አለ፣ ቅንድቡን በአውራ ጣቱ ተጭኖ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መብራት ሄደ፤ በዚያው ተበተንን።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ሲጠበቅ የሰነበተው አውሎ ነፋስ ራሱ በባሕር በኩል አለፈ። ዝናቡን ለእኛ ተወልን። ድልድዩን ውሃ ተሻግሮታል። ዶክተሯ መንገድ ላይ ያለችው አሱዋ ከተማ ደርሳ ተመለሰች። ሦስት ዜና ልኬአለሁ፤ ጣሪያዎች፣ ሙዝ እርሻው፣ ድልድዩ።

ሦስተኛውን በስልክ አንብቤ ስጨርስ ሱኒልዳ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አትመጣም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ለበስኩ?»

ጠዋት ነግሬያታለሁ። ወይስ የነገርኩት ለጋዜጣው ብቻ ነው?

ሴፕቴምበር 29፣ ሰኞ

ለልደት የታዘዘ ትንሽ ኬክ። ሁለት ሳህን ክሬም ይዛ መጣች። «የቱ ነው ሮዙ?» ጠቆምኳት። «እርግጠኛ ነህ?» አለች፤ የምቀልድባት መስሏታል። በመስኮቱ ብርሃን ብታየውም ሁለቱም ለእሷ የታጠበ ጨርቅ ቀለም ናቸው። በጣቷ ቀምሳ ለየቻቸው። ሮዙ ውስጥ ትንሽ እንጆሪ ነበረበት።

አዲሱ ቀጠሮ ኦክቶበር 11 ሆነ። ቻይው፣ ትንሽ ነው የቀረው እላታለሁ። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ የእኔ ምሰሶዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

አራት ሰው መጣ።

ዶክተሯ ከክፍሏ ወጥታ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን በዓይኗ ቆጠረች። «ዶን ሲሪሎስ?» ማንም አያውቅም። ባለ ሞተር ላክንለት፤ ቤቱ ዝግ ነው ብሎ ተመለሰ። ፓስተሩ ጸለየ። ኤርሲሊያ በበኩሏ «ያን ሽማግሌ አግኝቼው በሆነ፣ እንደ ገና በዓል አሳማ አስሬ ነበር የማመጣው» አለች። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅን።

«ዶክተር፣ የእኔ ልጅ፣ ለአራታችን ክፈቺልን» አለች ኤርሲሊያ። «የእሱን ድርሻ እኔ እወስዳለሁ። ሁለት ዓይን አለኝ፤ ካነሰም የባሌን አመጣለሁ።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ግን አልከፈተችም። «ዶኛ ኤርሲሊያ፣ ዛሬ ለአራት ከከፈትኩ ነገ ለሦስት ክፈቺ ትሉኛላችሁ። ያኔ ጉዞውን ራሱን ይሰርዙታል፤ ለማንም አይተርፍም።»

ለብቻዋ አግኝቼ ጠየቅኳት። ሰው በሥራው ለሠላሳ ዓመት ጥያቄ ሲጠይቅ ከኖረ፣ የትኛው እምቢታ በሩ ክፍት እንደሆነ ያውቃል። የእሷ ዝግ ነበር። «ሕጉ የእኔ አይደለም፣ ዶን ኤባሪስቶ። መተላለፍ አልችልም» አለችኝ። በረዶ ያለበትን ትንሿን ሳጥን መልሳ መኪናዋ ውስጥ ከተተች። የሚቀጥለው ኖቬምበር 15 ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሱኒልዳ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ በእግሯ እየፈለገች ነው የሄደችው። ክንዷን ያዝኳት። «አትያዘኝ፤ ሰው ያየናል» አለች። ማን እንደሚያየን ግን ማየት አትችልም።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ሲሪሎ ራሱ መጣ። በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

«አበልጄ፣ ትናንት ቤት ነበርኩ። ባለ ሞተሩ ሲያንኳኳ አልጋ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም።»

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ነገረኝ። ከጁላይ ጀምሮ ከቅንድቡ በላይ ሕመም ይመጣበታል፤ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመጣል። ሲመሽ መብራት ሁሉ ዙሪያውን ቀለበት ያወጣል፤ ቀይም ሰማያዊም። «የሱቁ አምፖል እንኳ በሥዕል ላይ እንዳለ ቅዱስ ሆኗል፤ ልሳለመው ይቃጣኛል» አለ። ጤና ጣቢያ ሄዶ የራስ ምታት ክኒን ሰጥተውታል።

«ያቺ መርፌ ናት» አለኝ። «ከእሷ በፊት እንዲህ አልነበርኩም።»

«ማየትህስ?»

«ማየቱንስ አያለሁ። የሚያስፈራኝ ሕመሙ ነው።»

ብዙ ነገር ነገርኩት። ስኳር ያለበት ሰው ራሱን እንደሚያመው። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ዓይን እንደሚደክም፣ ሁለተኛው ሲገባ ቀለበቱም እንደሚጠፋ። ሐኪም ፊት ወሬ ማብዛት ሐኪሙን እንደሚያደናግር። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሌላ ሰው ጽፎ ቢሰጠኝ «ማን አለ?» ብዬ ከዳር እስከ ዳር እሰርዘው ነበር። በመጨረሻ ስለ ሠርጉ ኬክና ስለ ቧንቧው ውሃ ነገርኩት። እሱን ሲሰማ አቀረቀረ።

«ለልጃችን ክርስትና የሠራችውን ኬክ አስታውሳለሁ» አለ። ባርኔጣውን አደረገና ሄደ።

ሱኒልዳ ከውስጥ «ሲሪሎ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ስለ ቤዝቦል ነው» አልኳት።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ቁርስ ላይ ነበርን። የተፈጨውን አረንጓዴ ሙዝ በሹካ እየፈለገች ድንገት ቀና አለች።

«ጆሮህን አያለሁ። ፀጉርህን አያለሁ፤ የቀረውን። መሃሉ ላይ ጭስ አለ።»

«ፊቴ አይታይሽም?»

«ወደ ጎን ካየሁ ትንሽ ይታየኛል። ቀጥ ብዬ ሳይህ ነው የምትጠፋው።»

ከዚያ ወዲህ ስታናግረኝ ትከሻዬን ነው የምታየው። ትከሻዬን ለምን እንደምታይ እያወቅኩም ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አያለሁ።

ሁለት የሠርግ ትዕዛዝ መለስኩ። እጇን አሟታል አልኳቸው። ዓይኗን ነው ብል ዳግመኛ የሚያዝዛት የለም።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ሰፈሩ በሙሉ የሲሪሎን ዓይን ይጠብቃል። ሱቅ ሲገባ «ዶን ሲሪሎ፣ በሞተር እንዳትሄድ፤ አቧራ አለ!» ይሉታል። ቤዝቦል በሬዲዮ ሲሰማ «ተው አትናደድ፤ ዓይንህ አደራ አለበት!» ይሉታል። ኤርሲሊያ ሕልም ያሳያትን ቁጥር በነጻ ሰጥታዋለች። ፓስተር ናኡም ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዶ ጸልዮለታል፤ ሲሪሎ ደግሞ ከጥምቀቱ ወዲህ ጸሎት የሚባል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ሾርባ ወሰድኩለት።

«ሁላችሁም ሚስት ልትድሩኝ ነው እንዴ?» አለኝ ክዳኑን ከፍቶ እያሸተተ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እመጣለሁ፣ አበልጄ። ተወኝ በቃ።»

ስለ ቀለበቱ አልጠየቅኩትም። ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነበር።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

አምስት ሰው። ሲሪሎ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከሁላችንም ቀድሞ ደርሷል።

ዶክተሯ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። «ስሙኝ። የዓይን ግፊት መለኪያዬ ተበላሽቶ ጥገና ላይ ነው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ግፊት ይጨምራል። ዛሬ መለኪያዬ አፋችሁ ነው። እውነቱን ንገሩኝ።» ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሕመም አለ? ራስ ምታት? መብራት ዙሪያ ቀለበት? ፓስተሩ የለም አለ። እህቱ የለም አለች። ኤርሲሊያ «ባሌ ራሱ ራስ ምታት ነው፤ ይቆጠራል?» አለች። ሱኒልዳ የለም አለች።

ሲሪሎ መጨረሻ ነበር። መጀመሪያ ወደ እኔ አየ። እኔ የሱኒልዳን ቦርሳ ዚፕ እያስተካከልኩ ነበር፤ ዚፑ ተይዞ ነበር።

«ምንም የለብኝም፣ ዶክተር። እንደ ኮርማ ነኝ።»

ብልቃጡ ተከፈተ።

የሱኒልዳን እጅ እንድይዝ ፈቀዱልኝ። ማደንዘዣ ጠብታ፤ ደጋግመው። ቡናማ ፀረ ተሕዋስ፤ ጉንጯ ላይ እስኪወርድ። ሽፋኑ እንዳይከደን ቀጭን ሽቦ። ከዚያ ነጩ ላይ፣ ከብሌኑ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መርፌው ገባ። ለመጻፍ ከሚወስድብኝ ጊዜ ያነሰ ነው። እጄን አልጨመቀችም። «ወተት ጠብ እንዳለ አየሁ» አለች፤ «ውሃ ውስጥ ወተት።» «ሦስት ቀን እንደ አመድ የሚንሳፈፍ ነገር ታያለህ» አለቻት ዶክተሯን የምታግዘው ነርስ፤ «ታያለሽ» ማለቷ ነው፤ ደክሟታል።

ሲወጡ አምስቱም አንድ ዓይናቸው ታሽጓል። ኤርሲሊያ «የባሕር ወንበዴዎች ማኅበር!» ብላ ጮኸች። ሲሪሎ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

የበሩ መቃን ቀጥ ብሏል አለች። ገና ነው፣ ቸኩለሻል አልኳት። ሄዳ በእጇ ዳሰሰችው፤ ደግሞ አየችው፤ ደግሞ ዳሰሰችው።

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

«አርጅተሃል፣ ሽማግሌው» አለችኝ ቁርስ ላይ። «መቼ ነው እንዲህ የሆንከው?»

ቀጥ ብላ ነው ያየችኝ። ፊቴን እንደ ገበያ ዕቃ መረመረችው፤ አፍንጫዬን፣ ያልተላጨሁትን። እንዲህ ታይቼ አላውቅም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ሁለት ኬክ ታዟል። ሱኒልዳ ክሬሙን ስትመታ ትዘፍናለች። ሲሪሎም ደህና ነው፤ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ የአውቶቡሱን ሰሌዳ አነበበልኝ። እንዳልኩት ነው የሆነው። እንዳልኩት።

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

ሲሪሎ ዶሚኖ አልመጣም። ትንሽ አሞታል አሉ። ነገ አየዋለሁ።

ዲሴምበር 3

አልሄድኩም። የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ነበር።

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ሄድኩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ፎጣ ዓይኑ ላይ። «ቅዱሱ አምፖል ተመለሰ» አለ። መቀለዱ ደስ አለኝ፤ መቀለድ ከቻለ ብዬ። ለዶክተሯ ደወልኩ፤ ስልኳ አልተነሳም። መልእክት ተውኩ። በመልእክቱ «ትንሽ ሕመም» አልኩ። ለምን «ትንሽ» እንዳልኩ አላውቅም።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ማስመለስ። ዓይኑ እንደ ቲማቲም። ግድግዳውን ይደበድባል። ዶክተሯ ደወለች፤ አሁኑኑ አምጡት፣ አሁኑኑ። የኤርሲሊያ ባል መኪና። ሱኒልዳ ኬኩን ጥላ መጣች፤ ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ሙሉውን መንገድ። ድልድዩ ላይ ጥገና አለ፤ ቆመን ጠበቅን። አንድ ብርቱካን ሻጭ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ካልገዛችሁ ይላል።

ዲሴምበር 8፣ ሰኞ፤ ዋና ከተማ

ትናንት ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ግፊቱን አወረዱት። ግን ግፊቱ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ጨፍልቆታል፤ እሱ ተመልሶ አያድግም። ብርሃንና ጨለማ ቢለይ ነው አሉ። በሌላኛው ዓይኑ ድሮም ደህና አያይም ነበር።

ዶክተር ቤያርድ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ወጣት ናት፤ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም ነበር። እጆቿን ጉልበቷ መሃል አጣብቃለች።

«ያለ መለኪያ መሥራት አልነበረብኝም» አለች። ከዚያ፣ «ዶን ኤባሪስቶ፣ ከመርፌው በፊት ሕመም ነበረው? ነግሮዎት ያውቃል?»

ባለፈው ሳምንት አሞኛል እንዳለኝ ነገርኳት። ይህ እውነት ነው። ዓርብ ነው የነገረኝ፤ ዓርብም ደወልኩላት። የነገርኳት ነገር ሁሉ ቢጣራ ትክክል ነው።

ራሷን ነቀነቀች። «እሱም እንደዚያ ነው ያለኝ» አለች።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

መለኪያው ተጠግኖ ዶክተሯ በራሷ ጊዜ መጣች፤ መርፌ የላትም፤ ሁሉንም ልትለካ ብቻ። ፓስተሩ ደህና፤ እህቱ ደህና፤ ኤርሲሊያ ደህና። የሱኒልዳ ግፊት ከፍ ወዳለው ድንበር ደርሷል አለች፤ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ሰጠቻት። የማደርግላት እኔ ነኝ። ሰዓት አላሳልፍም።

ዲሴምበር 24፣ ረቡዕ

ሲሪሎ ከእኛ ጋር እራት በላ። አሳማው ጥሩ ተጠብሶ ነበር። ብርጭቆውን ሲያነሳ እጁ አንድ ጣት ያህል አልፎ አየር ይጨብጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ያገኘዋል። ሁላችንም ሌላ ቦታ እናያለን። «ጤና!» አለ ለቁም ሣጥኑ። በተሳሳተ በኩል መሆኑን ሲያውቅ «ለእሱም ጤና» አለ፤ ያኔ ሳቅን።

ከሸኘነው በኋላ ሱኒልዳ ሳህን እያነሳች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያን ቀን እሱ በረንዳው ላይ ሲያወራህ መስኮቱ ክፍት ነበር» አለች።

«የቱን ቀን?»

«የቤዝቦሉን።»

ሳህኖቹን ይዛ ገባች። ተከትያት ልገባ ነበር። ምን ብዬ? አንቺስ ለምን ዝም አልሽ ብዬ?

ጃንዋሪ 4፣ እሑድ

ሲሪሎ ጓሮው ውስጥ አረንጓዴ አተር ይፈለፍል ነበር። ግማሹ ሳህኑ ውስጥ፣ ግማሹ መሬት ላይ፤ ዶሮዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

«አበልጄ፣ የምነግርህ አለኝ።»

«አትንገረኝ።»

«ያን ቀን በረንዳው ላይ ያልኩህ...»

«ያልከኝን አውቀዋለሁ። የወጉኝ ዓይኔን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም።»

«ለዶክተሯ ልነግራት ነው። እኔ ነኝ ዝም በል ያልኩት ልላት ነው።»

መፈልፈሉን አቆመ። «ስማኝ፣ ኤባሪስቶ።» በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንተ ነህ ካልክ እኔ ማን ሆንኩ? የተሞኘ ሽማግሌ። ሰዉ ሁሉ ምስኪን ይለኛል። እኔ ‹ምንም የለብኝም› ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ቅንድቤ እየነደደ ነው ያልኩት። አንተን ፈርቼ መሰለህ? ሱኒልዳ እንድታይ ብዬ ነው። ይህቺን እንኳ ተውልኝ።»

«ግን እውነቱ...»

«እውነቱን ለጋዜጣህ ጻፈው። አሁን ቁጭ በልና ፈልፍል፤ ለዶሮ ነው የምሠራው።»

ተቀምጬ ፈለፈልኩ። ሳህኑ ሲሞላ «ደህና ሥራ ነው» አለኝ፤ በጣቶቹ እየዳበሰ። ለዶክተሯ ልነግራት የነበረውን ነገር ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ አሁን የእኔ ብቻ እንኳ አይደለም።

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ

ሱኒልዳ ዛሬ መስኮቱ ፊት ቆማ ራሷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለች።  

አምስተኛ ሰው ተገኝቷል። ቶሪቢዮ የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር፤ ዓይኑ እንደ ሱኒልዳ ነው፤ ከመሪ ከወረደ ቆይቷል። ሚስቱ ኔልሲዳ ቤታችን መጥታ «ያማል? አደጋ አለው?» ብላ ጠየቀችን። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ የሲሪሎን ዓይን ጭምር፤ ማን ምን እንዳለው ብቻ ተውኩ። ሰምታኝ ስታበቃ «ግን ያሳያል አይደል?» አለች። ሱኒልዳ «ያሳያል» አለቻት።

ፌብሩዋሪ 14፣ ቅዳሜ

አምስቱም መጡ። ዶክተሯ አሁን ሳትለካ ማንንም አትነካም። አገጫቸውን መደገፊያው ላይ እያስቀመጡ አንድ በአንድ ገቡ። ሱኒልዳ ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ለካች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ለካች።

«ዶኛ ሱኒልዳ፣ ግፊቱ ወጥቷል። ጠብታውን ያደርጋሉ?»

«ጠዋትና ማታ። እሱ ነው የሚያደርግልኝ።»

«አንድም ቀን አላለፈም» አልኩ።

ዶክተሯ አመነችኝ። ጓንቷን አወለቀች። «ዛሬ መርፌ አልሰጥዎትም። ብሰጥዎት ዶን ሲሪሎ የደረሰበት ይደርስብዎታል።»

«ካልሰጠሽኝስ፣ ልጄ?»

«እብጠቱ ይቀጥላል።» ጓንቷን ቅርጫት ውስጥ ጣለች። «ግፊት የማይጨምር ሌላ ዓይነት መርፌ አለ። በየወሩ የሚሰጥ ነው፤ እዚህ አይልኩልኝም። እጠይቃለሁ። መቼ እንደሚሆን ግን አልዋሽዎትም፤ አላውቅም።»

ሱኒልዳ ተነስታ ወጣች። አግዳሚው ላይ ከነኤርሲሊያ ጎን ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ሁሉም አግዳሚውን በዓይናቸው ሲቆጥሩ አየሁ። ኔልሲዳ ክንዴን ይዛ ወደ ግድግዳው ወሰደችኝ።

«ዶን ኤባሪስቶ፣ እርስዎ ሰው ማናገር ያውቁበታል። ዶክተሯን ያናግሯት። አንድ ጊዜ ብቻ። ዶኛ ሱኒልዳን አንድ ጊዜ ምን ያደርጋታል? ጠብታ አላት አይደል? ቶሪቢዮን ይዩት፤ ልጆቹን በድምፃቸው ነው የሚለያቸው።»

ልቆጣት ፈለግኩ። የምትናገረውን ግን ከሷ ቀድሜ አውቀው ነበር፤ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ጭምር። «ሐኪሟ ከልክላታለች» አልኩ። ክንዴን ለቀቀች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ የእኔ ደረቅ ነበር።

ያኔ ዶክተሯ በር ላይ ወጣች። አግዳሚውን አየች፤ ኤርሲሊያን፣ ፓስተሩን፣ እህቱን፣ ቶሪቢዮን። ወደ በረዶው ሳጥን አየች። ብዙ ቆመች።

«ግቡ» አለች።

«አራት ነን እኮ» አለች ኤርሲሊያ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«መቁጠር እችላለሁ፣ ዶኛ። ለሚጠይቀኝ እኔ እመልሳለሁ። ግቡ።»

ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። የብልቃጡ የብረት ክዳን ቀጭ ሲል እኔና ሱኒልዳ ከአግዳሚው ላይ ሰማነው።

«ምንድነው?» አለች። «ከፈተችው እንዴ?»

«ከፈተችው።»

«ለአራት?»

«ለአራት።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ወደ ትከሻዬ።

«ኦክቶበር ላይም አራት ነበርን» አለች።

ቦርሳዋን አንስቼ ባለ ሞተር ልጠራላት ወደ መንገዱ ወጣሁ።